የኮባ ልብስ

ባለፈው ሰኔ ከዲላ ወደ ወናጎ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ አንድ ጥቅል ይዛ ነበር። ቆጮ ይሁን ቅቤ አልጠየቅኋትም። በደረቅ ኮባ ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል። ዝናቡ መናኸሪያው ላይ ስላገኛት ኮባው ርሷል፤ መስኮቱ ደግሞ ተዘግቷል። የራሰ ኮባ ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የእንሰት ቅጠል እዚያው ተክሉ ላይ ደርቆ ቡናማ ከሆነ በኋላ እንደገና ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ነው፤ አሮጌ ገመድ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ትንሽም ኮምጠጥ ያለ ነገር አለበት። ሴትዮዋ እንዳትታዘበኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ረዳቱ «ትምህርት ቤት ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ሲጣራ ሰምቻለሁ፤ ወራጅ ግን አላልኩም። ራቅ ብዬ ወርጄ በጭቃው ወደ ኋላ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ጋሽ በራሶን ነው።

ጋሽ በራሶ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ወረቀት ላይ ዘበኛ ይባሉ እንጂ በር ላይ ቆመው ያያቸው ሰው የለም። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ሽንት ቤቱን አልፎ ባለው፣ ማንም በማይፈልገው ተዳፋት መሬት ላይ ችግኝ ያፈሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። በጋም ክረምትም ከላያቸው የማይወልቅ አንገትጌው ያለቀ ካፖርት ነበራቸው፤ አንደኛው ኪሱ ሁልጊዜ በዘር ያበጠ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጌዴኦኛ ነው። አማርኛን የለመዱት ጎልማሳ ሆነው ዲላ ቡና ሲጭኑ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለዩበትም። እኔን «አንተ ፎዚያ» ይሉኛል። ርዕሰ መምህሩን አንድ ቀን ሰልፍ ላይ «አንቺ» ብለዋቸው ትምህርት ቤቱ ሳምንት ሙሉ ስቋል። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ ወናጎ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፈተ፤ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የላስቲክ ጫማ፣ ምላጭና ጀሪካን እንሸጣለን። ወደ ሞያሌ የሚወርደው ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። አፈር የምነካው ስወድቅ ብቻ ነበር። ወደ ችግኝ ጣቢያው የሄድኩትም ዛፍ ወድጄ አይደለም። አምስተኛ ክፍል ክበብ ምረጡ ስንባል ልቤ ሚኒ ሚዲያው ላይ ነበር፤ እሱ ሞላና የአካባቢ ጥበቃ ደረሰኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የክበቡ ዋና ሥራ ኮባ መጠቅለል ነበር። ሰኞ ጠዋት እያንዳንዳችን ከጓሮ ወይም ከጎረቤት ደረቅ ኮባ ይዘን እንመጣለን፤ እኛ ቤት እንሰት ስላልነበረ እኔ የምለምነው ከጎረቤት ነው። ጋሽ በራሶ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ሲለሰልስ በስንዝራቸው ይለኩና ወፍራም ቀርከሃ ላይ ጠቅልለው፣ ታቹን አጥፈው፣ ወገቡን በቃጫ አስረው ከቀርከሃው ላይ ሳብ አድርገው ያወጡታል። ትንሽ ኩባያ ይሆናል። የደን አፈር፣ ፍግና አሸዋ ቀላቅለን እንሞላዋለን። ጣቶቻችን ያን ሽታ ይዘው ቤት ይገባሉ፤ እናቴ በኦሞ አሽታ ብታጥበኝም አይለቅም ነበር።

ጋሽ በራሶ የዝግባ ዘር የሚያመጡት ሶንጎ ከሚባለው የሽማግሎች መሰብሰቢያ ነው። እዚያ ባለ ዛፍ ላይ ማንም ገጀራ አያነሳም። እሳቸውም ከሥሩ የወደቀውን ብቻ ይለቅማሉ፤ ያውም ጠይቀው። ማንን እንደሚጠይቁ ስላልገባኝ አንድ ቀን አነሳሁባቸው።

«ሽማግሌን» አሉኝ። ደግሞ «ዛፉንም» ብለው ጨመሩ።

ዝግባ ለመብቀል ወራት ይፈጃል። እኛ ሞቷል ብለን ተስፋ ቆርጠን ሌላ ጨዋታ ከጀመርን በኋላ አንድ ጠዋት ብቅ ይላል። ሲተከልም ሕጉ አንድ ነበር። ችግኙን ከኮባው አናወጣውም፤ እንዳለ ጉድጓድ ውስጥ እናስቀምጠውና አፈር እንመልስበታለን። ኮባው መሬት ውስጥ በስብሶ ለችግኙ ምግብ ይሆናል። ጋሽ በራሶ «ከነልብሱ» ይላሉ፣ «ሥሩ ብርድ አይወድም፤ ከነልብሱ።» ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ማባዛት ቢጠፋው እንኳ ችግኝ ከነልብሱ እንደሚተከል ያውቃል።

ችግኞቹ ሁሉ የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነበር። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ እንሰቱ በቡናው፣ ቡናው በብርብራና በዋንዛ ተሸፍኖ መሬቱ አይታይም። ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ብቻ ላሽ እንደበላው ራስ ተላጦ ቆሟል። ድሮ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፤ ተቆረጠ፤ ጉቶው ሳይቀር ለማገዶ ተነቀለ። ከኮረብታው ግርጌ ምንጭ አለ፤ የጋሽ በራሶ ቤት ከምንጩ በታች ነው። እሳቸው ልጅ ሳሉ ውሃው ሲወርድ ቤት ውስጥ ተኝተው ይሰሙት ነበር አሉ። በእኔ ጊዜ ጥር ሲገባ እንደ ጣት ይቀጥናል፤ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ። ባለቤታቸውም ከነሱ አንዷ ነበሩ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

«ይህ ውሃ ድምፅ ነበረው» ብለውኛል ኮባ እየጠቀለሉ። «ድምፁን ሰምቼ ልሙት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሰባተኛ ክፍል ስንሆን ከአንድ ድርጅት እርዳታ መጣ። ጥቁር የችግኝ ፕላስቲክ በጥቅል በጥቅል ተራገፈ፤ ማጠጫ፣ ወንፊት፣ አዲስ አካፋም አብሮ። ኮባ ጊዜ ይፈጃል፣ አይቆይም ተባለ። እውነትም ነው፤ በኮባ በዓመት ጥቂት መቶ ስናፈላ በፕላስቲኩ መደቡ ሞልቶ ወደ መረብ ኳስ ሜዳው አለፈ። ጋሽ በራሶ አልተቃወሙም። ፕላስቲኩን በሁለት ጣታቸው አሽተው «ይህ አይበሰብስም» አሉ፤ ከዚያም ቁጭ ብለው መሙላት ጀመሩ። ያን ያህል ችግኝ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። መደቦቹ መሀል ሲመላለሱ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አሁንም አየዋለሁ፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

የተከላው ቀን በሰኔ መጨረሻ፣ ፈተና እንዳለቀ ሆነ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጋሽ በራሶ ሱቃችን መጡ። ካፖርታቸው ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ወንድም ሞተ» አሉ። «ቡሌ እሄዳለሁ። ነገ እኔ የለም።»

እናቴ «አላህ ያጽናዎት» ብላ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም። አንድ ፓኬት ምላጭ ገዙና ፓኬቱን ለእኔ ዘረጉልኝ። የክበቡ መምህራችን የእርዳታ ድርጅቱን እንግዶች ለመቀበል ዲላ ሄዶ ነበር።

«ጠዋት መምህር ሲመጣ ንገረው» አሉኝ። «ፕላስቲክ ኮባ አይደለም። በምላጭ ይቀደዳል፣ ይወልቃል፣ ከዚያ ይተከላል። ልጆቹ አያውቁም፤ እኔ ሌላ አስተማርኩ። ነገ በእጅ ላሳያቸው ብዬ ነው ያቆየሁት። ድገም እስቲ።»

«ይቀደዳል፣ ይወልቃል፣ ከዚያ ይተከላል» አልኩ።

«ድገም።»

ደገምኩ። ራሴን ዳበስ አድርገውኝ መኪና ሊጠብቁ ወደ አስፋልቱ ወጡ።

ረሳሁ ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። ጠዋት ስነቃ ፓኬቱ ትራሴ ሥር ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ትምህርት ቤት ስደርስ ግን አረንጓዴ ካኒቴራና ኮፍያ እየታደለ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ዘፈን ተለቋል፤ እኔም ለእንግዶቹ ግጥም እንዳነብ ተመርጫለሁ። በአምስተኛ ክፍል ያጣሁት ማይክራፎን በመጨረሻ እጄ ገባ። መምህሩ እንግዶቹን ይዞ ሲገባ ወደ እሱ ሄጄ ነበር። «መምህር፣ ጋሽ በራሶ…» ከማለቴ «ፎዚያ፣ ኮፍያሽን አስተካክይ፤ ቀዳሚዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። አስተካከልኩ። ከግጥሙ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ። ግጥሙ ካለቀ በኋላ ጭብጨባው ጣመኝ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ኮረብታው ሮጠ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ እንግዶቹ ለምሳ ወደ ዲላ መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያውን ችግኝ ኮት የለበሰ እንግዳ ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ አቆመ፤ ርዕሰ መምህሩ አጨበጨቡ፤ ፎቶ ተነሳ። የክበባችን ልጆች ደግሞ በጉልበታቸው ተንበርክከው ትንንሾቹን «ከነልብሱ! ከነልብሱ!» እያሉ ያስተምራሉ። የተማሩትን ነው። እጄ ኪሴ ውስጥ ፓኬቱን ጨብጧል። አሁን ብናገር እንግዳውን ተሳስተሃል ማለቴ ነው፣ ርዕሰ መምህሩንም፣ ያጨበጨበልኝን ሰው ሁሉ። ትልቅ ሰው አይጠፋም፣ አንዱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ዝናቡ ጣለ። የራሴንም ችግኝ ከነፕላስቲኩ ተከልኩት።

ስንወርድ ፓኬቱን ጋሽ በራሶ ዶማና አካፋ በሚያስቀምጡበት የመሣሪያ ጎጆ ውስጥ፣ ሣሩና ወጋግራው መሀል ሸጎጥኩት። ለምን ቤት እንዳልወሰድኩት አላውቅም።

ጋሽ በራሶ በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ትምህርት ተዘግቶ ነበር። አስፋልቱ ላይ ስንገናኝ ከቡሌ ያመጡልኝን በቆሎ እሸት ሰጡኝ፤ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ እኔን አልረሱም።

«ነገርከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ነግሬዋለሁ።»

«ሁሉም ወለቀ?»

«ሁሉም ወለቀ፣ ጋሼ።»

ዛሬ ሳስበው ጥፋቴ የተከላው ቀን ዝምታ አይደለም። ልጅ ነበርኩ፤ ፈራሁ፤ ማይክራፎንም ጣመኝ። እንደ ድንጋይ የሚጫነኝ ያ «አዎ» ነው። ያን ዕለት እውነቱን ብነግራቸው ክረምቱ ገና ነበር፤ አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ጎረቤቱን ጠርተው አንድ በአንድ አውጥተው ፕላስቲኩን ይቀድዱት ነበር። እሳቸው ግን አመኑኝና ለቅሷቸውን ተቀምጠው ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ኮረብታው አረንጓዴ መስሎ ስለታየ እኔም ራሴን አታለልኩ፤ ምንም አይሆንም፣ በቅሏል አልኩ።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ጥር ላይ ኮረብታው ሙሉ ደረቀ። እንግዶቹ ሊያዩ ይመጣሉ ስለተባለ ርዕሰ መምህሩ የወላጆችን ኮሚቴና የክበቡን ልጆች ይዘው ወጡ። ጋሽ በራሶ አንዱን ችግኝ ያዝ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ወጣ። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ሥሩ መውጫ አጥቶ ውስጡ ዞሮ ዞሮ ራሱን አንቆ ነበር። ሁለተኛውን ሳቡ፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ መሳቡን ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እነዚህን ልጆች ከነመጠቅለያው ትከሉ ብሎ ያስተማራቸው ማነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ጋሽ በራሶ ቀና ብለው አዩ። ዓይናቸው ከመምህሩ ዘሎ፣ ከልጆቹ ዘሎ እኔ ላይ ቆመ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ግራ የተጋባ ሰው አስተያየት ነው፤ አንድ ነገር እየገባው፣ ባይገባው የሚመርጥ ሰው አስተያየት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ችግኝ ጣቢያው ተዘጋ፤ መደቦቹ ተደልድለው መረብ ኳስ ሜዳው ሰፋ። እሳቸውን በር ላይ አቆሟቸው፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ወጣት ዘበኛ ተቀጠረ። አንድ ቀን ተደብቄ ወደ መሣሪያ ጎጆው ገባሁና ሣሩና ወጋግራው መሀል እጄን ሰደድኩ። ፓኬቱ የለም። ጎጆው የጋሽ በራሶ ነበር፤ ከእሳቸው ሌላ እጁን እዚያ የሚሰድ ሰው የለም።

እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሱትም። ክረምት በገባ ቁጥር ኮባ የለበሱ አራት አምስት ችግኞች በቅርጫት ይዘው ብቻቸውን ኮረብታውን ሲወጡ ከሱቃችን በረንዳ አያቸዋለሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ሲያልፉ «ደህና አደርክ ፎዚያ» ይሉኛል፤ «ደህና ጋሼ» እላለሁ፤ ያልፋሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን እያደር ከበደ። ስምንተኛ አለፈ፣ አሥረኛ አለፈ፣ መምህርነት ልማር ዲላ ገባሁ። ነገ ማለቱ ቀላል ነበር፤ በአንድ መንገድ የምንተላለፍ ሰዎች ነበርንና።

ማረፋቸውን አባቴ በስልክ ነገረኝ። ቀብር አልደረስኩም፤ በማግስቱ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ባለቤታቸው ካወቁኝ በኋላ ወደ ጓዳ ገብተው በደረቅ ኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ትንሽ ነገር ይዘው መጡ። «ይህን ለነጋዴው ልጅ ስጡ ብሏል» አሉኝ፣ «ዝናብ ሲመጣ ይሠራበታል ብሏል።» እዚያ መክፈት አልቻልኩም። ምንጩ ጋ ሄጄ ፈታሁት። ያ ፓኬት ነው፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ ምላጩ ውስጡ ዝጓል። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ፣ ወይስ እንዳሉት የሥራ ዕቃ ብቻ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አሁን የማስተምረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም የእኔ ነው፤ ሌላ የሚወስደው ስለጠፋ። ኮባ የሚጠቀልል ልጅ የለም፤ ችግኙ የሚመጣው በፕላስቲክ ነው። በየዓመቱ ከወንድሜ ሱቅ ምላጭ እወስድና ተከላው ከመጀመሩ በፊት በእጄ እየቀደድኩ አሳያለሁ። ተማሪዎቼ ያን ያህል ለምን እንደምጮህ አይገባቸውም። ጋሽ በራሶ ብቻቸውን ከተከሉት ዘጠኝ ዛፎች ቆመዋል፤ ሰባት ዝግባና ሁለት ጥቁር እንጨት። ከሥራቸው ቢቆፈር ከኮባው ክር እንኳ አይገኝም። ዘጠኝ ዛፍ ምንጭ አይመልስም።

ያን ሽታ ሚኒባሱ ውስጥ ባገኘሁ ማግስት ክበቡን ይዤ ጉድጓድ ልናዘጋጅ ወጣን። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ዶማዋ አንድ ነገር ያዘባት። ጎንበስ ብላ ሳበችው። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ አፈሩን ስታራግፍለት ትናንት የተሠራ ይመስል አብለጨለጨ። ውስጡ የደረቀ ሥር እንደ ተቋጠረ ቃጫ ተጠምዟል።

«ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?» አለች።

«ችግኝ ነበር።»

«ማነው እንዲህ አድርጎ የተከለው?»

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። በየዓመቱም «የድሮ ተማሪዎች» ብዬ አልፈዋለሁ። ያን ቀን ግን ሽታው አፍንጫዬን አልለቀቀም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ልጆቹ የምቀልድ መስሏቸው ፊቴን አዩ። ዶማዎቹ ሁሉ ቆሙ። ከታች ምንጩ ጋ ጀሪካን ከጀሪካን ሲጋጭ ይሰማል። ክረምቱ ገብቷል፤ የውሃ ድምፅ ግን የለም።